«መርዝ አብልተውት ነው»፦ በልጇ ሞት ዕድሜ ልክ የተፈረደባት እናት

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ክትባት ወይም ስለ ተቅማጥ አይደለም፤ የፍርድ ቤት ታሪክ ነው። ትንሽ ረዘም ስለሚል ቡና አፍልታችሁ ብታነቡት ይሻላል። ቦንጋ ተቀምጦ ቡና የሚቸግረው መቼም የለም።

ደህና የነበረ ልጅ በድንገት ሲያስመልስ፣ ትንፋሹ ሲፈጥን፣ ሰውነቱ ሲዝለፈለፍ፣ ከሐኪሙ ቀድሞ የሚመረምር ሰው አይጠፋም። «ምን አበሉት?» ይባላል። «መድኃኒት አድርገውበት ነው» ይባላል። ቋንቋችን ለሚያድነውም ለሚገድለውም «መድኃኒት» የሚል አንድ ቃል መጠቀሙ ይገርመኛል። ቀጥሎ ስም ይነሣል፦ የእንጀራ እናት፣ የባል እኅት፣ ድንበር የተጋፋች ጎረቤት፣ አልፎ አልፎም ሠራተኛዋ። ልጁ ካረፈ በኋላ ያ ስም የትም አይሄድም። በካፋ ገጠርም ሆነ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነገሩ ያው ነው።

ይህ ጥርጣሬ ሁልጊዜ ከንቱ ነው አልልም፤ መርዝ አለ፣ ሰውን በመርዝ የገደለም አለ። የምነግራችሁ ታሪክ ግን ጥርጣሬው ከመንደር ወሬ አልፎ በሐኪም ፊርማ፣ በላቦራቶሪ ወረቀትና በፍርድ ቤት ማኅተም ሲጸና ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ነው። የሆነው አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ ነው። ዓመተ ምሕረቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡት።

በሐምሌ 1989 ፓትሪሺያ ስታሊንግስ የምትባል ወጣት እናት የሦስት ወር ልጇን ሪያንን ይዛ ሴንት ሉዊስ ከተማ ወደሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል ሄደች። ልጁ ያስመልሳል፣ ትንፋሹ ፈጣን ነው፣ ይደክመዋል። ደሙ ሲመረመር አሲድ በዝቶበታል። ሐኪሞቹ መርዝ ጠረጠሩ፤ ናሙናው ሲመረመርም ኤትሊን ግላይኮል ተገኘበት ተባለ። ይህ ሾፌሮች ኩላንት የሚሉት፣ በመኪና ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ ዋናው ንጥረ ነገር ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ልጆች ካገኙት ይጠጡታል፤ ኩላሊትን ያበላሻል፣ ይገድላልም። የሦስት ወር ሕፃን ግን ተነሥቶ ኩላንት ሊጠጣ አይችልም። ስለዚህ የሰጠው ሰው አለ ማለት ነው። የሐኪሞቹ ሐሳብ እስከዚህ ድረስ ስህተት የለበትም፤ ልጁ በእርግጥ ኩላንት ጠጥቶ ቢሆን ኖሮ።

ሪያን ተሽሎት ከሆስፒታል ሲወጣ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። መንግሥት ከወላጆቹ ነጥቆ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ሰጠው። እናትና አባት በተወሰነ ሰዓት፣ ተቆጣጣሪ ባለበት ብቻ እንዲያዩት ተፈቀደላቸው። በአንዱ ጉብኝት ፓትሪሺያ ለአጭር ጊዜ ብቻዋን ከልጇ ጋር ቀረች፤ ጡጦም ሰጠችው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጁ እንደገና ታመመ። ደሙ ውስጥም ጡጦው ላይም ያው መርዝ ተገኘ ተባለ። ሪያን ጳጉሜን 2 ቀን፣ በእነርሱ ሴፕቴምበር 7 ቀን 1989 ሞተ። አምስት ወሩ ነበር። እናቱ በግድያ ተከሳ ታሰረች።

እስቲ አሁን ራሳችሁን ዳኛ አድርጋችሁ ቁጠሩት። ልጁ ከእናቱ ጋር ሳለ ታመመ፤ ከእናቱ ሲለይ ዳነ፤ እናቱ ብቻዋን ጡጦ ስትሰጠው ሞተ። ላቦራቶሪው መርዝ ነው ብሏል፤ ያውም አንድ ላቦራቶሪ ብቻ አይደለም። እኔም ዳኛ ብሆን ኖሮ ወደ ጥፋተኝነት ባደላ አይገርመኝም።

ፓትሪሺያ ስትታሰር ነፍሰ ጡር ነበረች። በየካቲት 1990 በእስር ላይ እንዳለች ሁለተኛ ወንድ ልጇን ወለደች፤ እርሱም ወዲያው ለአሳዳጊ ተሰጠ። ይህን ልጅ እናቱ ብቻዋን አግኝታው አታውቅም። ጡጦም አልሰጠችውም። ብዙም ሳይቆይ ግን ልክ እንደ ወንድሙ ያስመልስ፣ ይዝለፈለፍ ጀመር። በዚህኛው ልጅ ላይ መርዝ የሚጠረጥር ስለሌለ ሐኪሞች ሌላ ነገር ፈለጉ፤ አገኙም። ሕመሙ ሜቲልማሎኒክ አሲዴሚያ ይባላል።

ስሙ ያስፈራል፤ ነገሩ ግን እንደዚህ ነው። ወተት ስንጠጣ፣ ሥጋ ወይም ሽሮ ስንበላ ሰውነታችን ፕሮቲኑን እየፈጨ ወደ ጉልበትና ወደ አካል ይቀይረዋል። ይህ ሥራ እንደ ወፍጮ ቤት ተራ በተራ የሚሄድ ነው። አንዱ ጥርስ ከተሰበረ እህሉ መሐል ላይ ይከማቻል። በዚህ ሕመም የተያዘ ልጅ ከመወለዱ ጀምሮ አንዱ ጥርስ የለውም። ስለዚህ ፕሮፒዮኒክ አሲድና ሜቲልማሎኒክ አሲድ የሚባሉ ነገሮች ደሙ ውስጥ ይከማቻሉ። ልጁን የሚመርዘው የራሱ ምግብ ነው፤ የእናቱ ጡት ወተት እንኳን ሊሆን ይችላል። በተለይ ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ሲይዘው፣ ወይም ምግብ ሲቋረጥበት ይብስበታል። ለዚህ ነው አንዴ የሚሻለው፣ አንዴ የሚወድቀው። ከእናቱ ሲለይ የዳነውም በእናቱ መለየት ሳይሆን በሆስፒታሉ ጉሉኮስና እንክብካቤ ሊሆን እንደሚችል አሁን ስታስቡት ይገባችኋል።

የሚወረሰው ከሁለቱም ወላጅ ነው። አባትም እናትም አንዳንድ የተበላሸ ዘር ይይዛሉ፤ እነርሱ ጤነኞች ናቸው፣ መያዛቸውንም አያውቁም። ሁለቱ ሲገናኙ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። «አንዱ ልጅ ስለታመመ ቀጣዩ ይድናል» የሚል ሒሳብ የለም። አባቶቻችን ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና መቁጠራቸው ይህን ዕድል በእጅጉ የሚቀንስ ብልሃት ነበር፤ ቢሆንም ምንም የማይዛመዱ ባልና ሚስትም አንዳንዴ ይገጥማቸዋል።

ሁለተኛው ልጅ ይህ ሕመም እንዳለበት ከታወቀ የእናትየው ጉዳይ እዚያው ያበቃል ብላችሁ ይሆናል። አላበቃም። ዐቃቤ ሕጉ ያለው አጭር ነው፦ ታናሹ መታመሙ ታላቁ አለመመረዙን አያሳይም። በሎጂክ ልክ ነው። ጠበቃዋም ሪያን በዚሁ ሕመም እንደሞተ የሚመሰክር ባለሙያ አላቀረበም፤ ባለሙያ ስለሌለም ነገሩ በወጉ በዳኝነት ሸንጎው ፊት አልተነሣም። በጥር 1991 ፓትሪሺያ በመጀመሪያ ደረጃ ግድያ ጥፋተኛ ተባለች፤ ያለ አመክሮ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ይህ ሕመም ከ50 ሺህ ሕፃናት በአንዱ አካባቢ የሚገኝ ብርቅ ሕመም ነው። ብዙ ሰው ሲሰማ «እንዲህ ያለ ብርቅ ነገር እንዴት ሁለት ጊዜ አንድ ቤት ይገባል?» ይላል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ቤት መግባቱ ከታወቀ፣ በዚያ ቤት ለሌላው ልጅ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል፤ ከአራት አንድ ሆኗል። ወንድምየው በሕይወት ተቀምጦ ለሟቹ እየመሰከረለት ነበር፤ ምስክርነቱን የሚያስተረጉም ሰው ነው የጠፋው።

ያ ሰው ከፍርዱ በኋላ መጣ። በሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ የባዮኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊ የነበሩት ዊሊያም ስላይ (በእርሳቸው ስም የሚጠራ የልጆች ሕመም አለ) እና የሥራ ባልደረባቸው ጄምስ ሹሜከር የጉዳዩ ወሬ ደረሳቸው። ተቀምጦ የቆየውን የሪያንን ደም ወስደው በራሳቸው መሣሪያ መረመሩ። ኤትሊን ግላይኮል የለበትም። ያለው ፕሮፒዮኒክ አሲድና ሜቲልማሎኒክ አሲድ ነው። ታላቁም የታናሹ ሕመም ነበረበት ማለት ነው።

ታዲያ የመጀመሪያዎቹ ላቦራቶሪዎች ዋሹ? አልዋሹም። ጋዝ ክሮማቶግራፍ የሚባለው መሣሪያ ናሙናውን በቀጭን ቱቦ ውስጥ ያሳልፋል፤ እያንዳንዱ ነገር ከቱቦው የሚወጣበት የራሱ ደቂቃ አለው። ባለሙያው ደቂቃውን አይቶ «ይህ እገሌ ነው» ይላል። ፕሮፒዮኒክ አሲድ ደግሞ የሚወጣው ከኤትሊን ግላይኮል ጋር በሚቀራረብ ደቂቃ ነው። ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው በማለዳ ጭጋግ ውስጥ ከሩቅ ሲመጣ አስቡት። ባልሽን እየጠበቅሽ ከሆነ ባልሽ ይመስልሻል፤ ቀርበሽ ፊቱን ካላየሽ ግን ማን እንደሆነ አታውቂም። ላቦራቶሪዎቹ መርዝ ፈልጉ ተብለው ነበር፤ መርዝ በሚመጣበት ሰዓት አንድ ነገር መጣ፤ ፊቱን ሳያዩ ስም ሰጡት። ሹሜከር ይህን ለማረጋገጥ ፕሮፒዮኒክ አሲድ ያለበትን ናሙና ለተለያዩ ላቦራቶሪዎች ላኩ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ «ኤትሊን ግላይኮል ነው» ብለው መለሱ። ይህ ሁሉ በ1992 በታወቀ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል።

ጠበቃዋ ተቀየረ። ፍርዱ ተሽሮ ጉዳዩ እንደ አዲስ እንዲታይ ተጠየቀ። ፍርድ ቤቱ ፈቀደ፤ ፓትሪሺያ በሐምሌ 1991 ከእስር ወጣች። ዐቃቤ ሕጉ በበኩሉ ጉዳዩን በዬል ዩኒቨርሲቲ ለሚሠሩት ለፒዬሮ ሪናልዶ አስመረመረ። እርሳቸውም ልጁ የሞተው በሕመሙ መሆኑን አረጋገጡ። በመስከረም ወር ክሱ ሙሉ በሙሉ ተነሣ፤ ዐቃቤ ሕጉም ይቅርታ ጠየቀ። ሁለተኛ ልጇ ለእናቱ ተመለሰላት። ለሪያን ግን የተሰጠው ሕክምና የመርዝ እንጂ የሕመሙ ሕክምና አልነበረም። ፕሮቲን ቀንሶ ማብላት፣ ለአንዳንዱ ዓይነት ደግሞ የቫይታሚን ቢ12 መርፌ፣ በታመመ ጊዜ ቶሎ ጉሉኮስ፤ እነዚህን ለማግኘት መጀመሪያ በሽታው መታወቅ ነበረበት። እናቲቱ ስሟን አስመለሰች፤ ያንን ግን የትኛውም ፍርድ ቤት አያስመልስላትም።

ይህ በአንድ ቦታ ብቻ የሆነ እንዳይመስላችሁ። ሉሲያ ደ በርክ የምትባል ሆላንዳዊት ነርስ በ2003 በታካሚዎች ግድያ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። ይግባኟንም ያየው ፍርድ ቤት በሚቀጥለው ዓመት አጸናባት። ከክሱ ምሰሶዎች አንዱ በአንዲት ሕፃን አስከሬን ላይ ተገኘ የተባለው ዲጎክሲን የተባለ የልብ መድኃኒት ነበር። በኋላ ነገሩ እንደገና ሲመረመር ማስረጃው ፈረሰ፤ በ2010 ነጻ ወጣች። ይግባኝ እንኳን አንዳንዴ አይበቃም፤ ምክንያቱም ይግባኝ ሰሚ በአብዛኛው የሚያየው የተጻፈውን መዝገብ ነው። መዝገቡ ላይ የተሳሳተ የላቦራቶሪ ወረቀት ካለ፣ ወረቀቱ ራሱ እንደገና ካልተመረመረ፣ ላይኛውም ዳኛ ያንኑ ስህተት ነው የሚያነበው።

ቢሆንም ይግባኝ ትንሽ ነገር አይደለም። እንግሊዝ አገር በ1889 ፍሎረንስ ሜብሪክ የተባለች ሴት ባሏን በአርሴኒክ ገድላለች ተብላ ሞት ተፈረደባት። ከዝንብ መግደያ ወረቀት አርሴኒክ ዘፍዝፋለች የሚል ነበር ክሱ። ባልየው ግን ራሱ በፈቃዱ አርሴኒክ የሚወስድ ሰው ነበር፤ ሐኪሞቹም በሞቱ ምክንያት ላይ አልተስማሙም። ያኔ በዚያች ትልቅ አገር እንዲህ ያለ ፍርድ ተይዞ የሚሄድበት የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት አልነበረም። ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦላት እስከ 1904 ታሰረች። ፍርድ ቤቱ የተቋቋመው በ1907 ነው፤ ለዚያ በተደረገው ክርክር ከሚነሡት ጉዳዮች አንዱ የእርሷ ነበር። የእኛ ሰው ግን በዚያ ዘመን «አቤት!» እያለ ከዳኛ ዳኛ፣ በመጨረሻም እስከ ንጉሡ ዙፋን ችሎት ድረስ ይሄድ ነበር። ይህን ስናገር ትንሽ ኩራት ቢሰማኝ ይቅር በሉኝ።

መርዝ መጠርጠርስ ቤተ መንግሥታችንም ገብቶ ያውቃል። ጠጅ አሳላፊ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለጌታው አይሰጥም ነበር። ዐፄ ምኒልክ በሕይወታቸው መጨረሻ ዓመታት ሲደክሙና አንደበታቸው ሲያዝ፣ በ1909 አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ንጉሡ መርዝ እየተሰጣቸው ነው ብሎ ከተማውን አመሰው። ጥርጣሬው ወደ ቤተ መንግሥቱ ሰዎች ዞረ፤ እቴጌ ጣይቱም ከዚያ ሐሜት አልዳኑም። ደጋግሞ የሚመታ ስትሮክ ግን ሰውን እንደዚያ ነው የሚያደርገው፦ አንዴ ጥሎ፣ ትንሽ አሽሎ፣ ደግሞ ይጥላል። ንጉሡ ከዚያ በኋላ ዓመታት ቆይተው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ።

ደግሞ መርዝ እያለ መራዥ የማይኖርበት ጊዜ አለ። ከሃያ ዓመት በፊት በሰሜን ምዕራብ ትግራይ የገጠር ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ፣ ጉበታቸው እየተጎዳ ይሞቱ ነበር። ከረዥም ምርመራ በኋላ የተገኘው ነገር ከእህሉ ጋር አብሮ የሚታጨድ አረም ነው። የአረሙ ፍሬ ጉበትን ይመርዛል። ገበሬው በራሱ አውድማ ያገኘውን ነው ለልጆቹ ያበላው።

አሁን ወደ ቦንጋ እንመለስ። ዛሬ በካፋ ዞን አንድ ሰው በመርዝ ግድያ ተከሶ ቢፈረድበት ጉዳዩ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በይግባኝ ይወጣል፤ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ከተባለም እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ሊደርስ ይችላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ይግባኝ የማለት መብት በግልጽ ተጽፏል። ያ መዝገብ ግን የሚጀምረው ከጤና ተቋም ነው። ነርሷ የጻፈችው ሰዓት፣ ሐኪሙ የወሰደው ናሙና፣ እናት የተናገረችው ቃል ነው ላይ ድረስ የሚሄደው። በቁጣና በለቅሶ መሐል የተወረወረ «እገሊት ናት ያበላችው» የሚል ቃልም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ልጃችሁ በድንገት ሲታመም ወንጀለኛውን ሳይሆን ዕቃውን ፈልጉ። ማላታይን፣ የአይጥ መርዝ፣ በረኪና፣ በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀመጠ ነጭ ጋዝ፣ የአያት የስኳር ወይም የደም ግፊት ክኒን፣ ግቢ ውስጥ የበቀለ የጉሎ ፍሬ፣ አስተናግር፤ ምን ጎደለ? ዕቃውን፣ ማሸጊያውን፣ ቅጠሉን ይዛችሁ ኑ። በግድ አታስመልሱት፣ ዘይትም ወተትም አትጋቱት፤ ጋዝና በረኪና ሲመለሱ ሌላ ጉዳት ያደርሳሉ። ማር በሚታወቀው በካፋ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይቀመስም። ማሩ ንጹሕ ቢሆንም በውስጡ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር በሕፃን አንጀት ውስጥ በቅሎ መርዝ ይሠራል፤ ልጁ ይደርቅበታል፣ ለቅሶው ይደክማል፣ አንገቱ ይዝላል። አያቲቱ በፍቅር ነው የምታልሰው፤ እርሷንም «መረዘችው» እንዳትሏት።

ምንም ዕቃ ካልጎደለ ደግሞ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። ልጁ ጡት አልጠባም ካለ፣ ካስመለሰ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ አልነቃ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ኢንፌክሽን ነው፤ ሰዓት ሳታባክኑ ኑ። ይህ ሲደጋገም ግን፣ በተለይም ቀድሞ በዚሁ ዓይነት ያረፈ ወንድም ወይም እኅት ካለው፣ እርሱን ሳትደብቁ ንገሩን። ብዙ እናቶች ይደብቁታል፤ «ልጅ የማይቆምላት» መባልን ይፈራሉ፣ ወይም «አንቺ ምን አድርገሽው ነው?» የሚል ዓይን ይፈራሉ። በስንት ቀኑ እንደታመመ፣ ምን እየበላ እንደነበር፣ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ካርዱ ካለም ካርዱን ይዛችሁ ኑ። ሚዙሪ ላይ እናቲቱን ያዳናት የሟቹ ልጅ ደም ተቀምጦ መቆየቱ ነው። እኛ ጋ ደም ተቀምጦ አይቆይ ይሆናል፤ ያ ካርድና የእናት ትዝታ ግን አለ።